አንድ ገጽ ለሁሉም ተማሪ፦ ንባብን፣ ጥናትንና ቴክኖሎጂን ማንንም ሳይተዉ ለማስተማር

አንድ ተማሪ ነበረኝ። ተራው ደርሶ «አንብብ» ሲባል አፉ አይደናቀፍም። ጥርት አድርጎ ያወርደዋል። እኔም ደህና አንባቢ ነው ብዬ መዝግቤው ነበር። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ጣቱን አየሁት። አፉ ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሷል፤ ጣቱ ግን ገና አንደኛው መስመር መሃል ላይ ነው። ገጹን የሚያውቀው በጆሮው ነበር። ከሱ በፊት ያነበቡትን ልጆች ሰምቶ ሸምድዶታል።

ያን ያህል ጽሑፍ ሰምቶ የሚይዝ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ያልሠራው የኔ አሠራር ነው። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ሳላዳምጥ ክፍሉን በሙሉ በአንድ መንገድ ነዳሁት። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት መንገድ ከዚህ በታች ያለው ነው። አስተማሪም ሁኑ፣ ወላጅም ሁኑ፣ በትርፍ ሰዓታችሁ ልጆች የምታስጠኑም ሁኑ ይሠራላችኋል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ንባብ፣ ጥናትና ቴክኖሎጂ ለየብቻ የሚሰጡ ትምህርቶች መሆን የለባቸውም። አንድ ገጽ ይዛችሁ ሦስቱንም ማስተማር ትችላላችሁ። ገጹ ግን ከመጀመሪያው ሁሉም እንዲደርስበት ሆኖ ይዘጋጅ። ለምሳሌ ያህል «ውሃ እንዴት ዝናብ ይሆናል» የሚል ገጽ ይዘን እንሂድ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ አዳምጡ

ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር ለብቻ አምስት ደቂቃ ያስፈልጋችኋል። ክፍሉ ትልቅ ከሆነ በቀን አራት አምስት ልጅ እያደረጋችሁ ቀስ በቀስ ጨርሱት። ሌሎች ልጆች የማይሰሙበት ቦታ ይሁን።

ከ60 እስከ 80 ቃላት ያለው፣ ተማሪው ከዚህ በፊት ያላየው ጽሑፍ ስጡት። ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ያንብብ። የሳተውን ቃል በእጃችሁ ባለው ቅጂ ላይ አስምሩበት። መሃል ላይ አታርሙት፤ ፊታችሁንም አታጨፍግጉ። ከአንድ ደቂቃው በኋላ ቀሪውን ጨርሶ ያንብብና ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ከዚያ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ጽሑፍ እናንተ አንብቡለት። እንደገና ሦስት ጥያቄ።

ቁም ነገሩ ሁለቱን ማወዳደር ነው። ፊሊፕ ጎፍ እና ዊሊያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጡት፣ አንብቦ መረዳት ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ፊደሉን ወደ ቃል መለወጥ እና ቋንቋውን ሰምቶ መረዳት። አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ልጁ ሲያነብ ተቸግሮ ሲሰማ ግን ሁሉንም ከመለሰ ሥራችሁ ፊደል ላይ ነው። የኔው ተማሪ እንዲህ ነበር። ጥርት አድርጎ አንብቦ ምንም የማይመልስ ከሆነ የጎደለው የቃላት እውቀት ነው፤ ምናልባት ቤት ውስጥ የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ይሆናል። ሁለቱም ከከበደው፣ በደንብ መስማቱንም አጣሩ።

መጽሐፉን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ፣ ሰሌዳ ለማየት ዓይኑን የሚያጨናብስ፣ ሲጠሩት ሁልጊዜ አንድ ጆሮውን የሚያዞር ልጅ ካያችሁ ወላጆቹን አነጋግሩ፤ ጤና ባለሙያ ይየው። «ዲስሌክሲያ (ንባብን የሚያከብድ የመማር ችግር) አለበት» ብላችሁ ግን ራሳችሁ ስም አታውጡ። ስም መስጠት የባለሙያ ሥራ ነው። እርዳታው ግን ስሙ እስኪመጣ አይጠብቅም። ነገውኑ መጀመር ይቻላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ተማሪውን ራሱን መጠየቅ ነው። «ስታነብ ምኑ ይከብድሃል? ምን ቢደረግልህ ይቀልሃል?» ሻርል ባርቢዬ የተባለ የሚያይ ሰው 12 ነጥብ ያለው የሚዳሰስ ጽሕፈት ሠርቶ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን 12ቱ ነጥብ አንድ ላይ ጣት ጫፍ ሥር አይገባም። ሉዊ ብሬል ማየት የተሳነው ተማሪ ነበርና ይህን በጣቱ አወቀው። በ1824 እ.ኤ.አ. ገና በ15 ዓመቱ ወደ 6 ነጥብ አሳነሰው። ዛሬም ማየት የተሳናቸው ሰዎች በዓለም ዙሪያ የሚያነቡት ያንን ነው፤ ስሙም ብሬል ነው። ልጆችን ስትጠይቁ መልሳቸውን በዚህ ክብደት ስሙት።

ደረጃ 2፦ ገጹን ቀድማችሁ በብዙ መልክ አዘጋጁ

ከ100 እስከ 150 ቃል የሚሆን፣ አንድ ሐሳብ ብቻ የሚያስረዳ ገጽ ምረጡ። ከዚያ በእነዚህ መልኮች አዘጋጁት።

አንደኛው የታተመው ነው። ለጥቂት ቅጂዎች የፊደሉን መጠን 18 አድርጉት፤ በመስመሮቹ መሃል ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ። ደብዛዛ ፎቶ ኮፒ አትስጡ። ለብዙ ልጅ «የንባብ ችግር» የሚባለው የደበዘዘ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ስልካችሁን አውጡና ገጹን ቀስ ብላችሁ አንብባችሁ ቅዱት። አንቀጽ ስትጀምሩ «አንቀጽ አንድ»፣ «አንቀጽ ሁለት» በሉ። እንዲህ ካልሆነ የሚያዳምጠው ልጅ ቦታውን ፈልጎ ማግኘት አይችልም።

ሦስተኛው ሥዕል ነው። ፀሐይ፣ ውሃ፣ እንፋሎት፣ ደመና፣ ጠብታ። ሥዕሉ ላይ ያለውን በሁለት ዓረፍተ ነገር በቃል ግለጹትና ከገጹ ጋር አብሮ ይሂድ። ማየት የተሳናት ተማሪ «ከላይ ባለው ሥዕል እንደምታዩት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻዋን እንዳትቀር።

ክፍላችሁ ውስጥ ብሬል የምታነብ ተማሪ ካለች ጽሑፉን ለሚያዘጋጀው ሰው ቀድማችሁ ስጡ፤ ጊዜ ይፈጃል። መስማት የተሳነው ተማሪ ካለ ደግሞ ገጹና አዳዲሶቹ ቃላት ከአንድ ቀን በፊት ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ይድረሱ። «ትነት» ለሚለው ቃል የትኛውን ምልክት እንደሚጠቀሙ ከተማሪው ጋር ይስማሙበት። እናንተም ፊታችሁን ወደ ሰሌዳ አዙራችሁ አትናገሩ። ከንፈር የሚያነብ ልጅ ጀርባችሁን ማንበብ አይችልም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ። ሁሉንም ቅጂ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ። «ይሄ ላንተ ነው» ብሎ ትልቁን ጽሑፍ በሁሉም ፊት መስጠት ያሳፍራል። ያፈረ ልጅ ደግሞ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። «ለደካሞች» የሚባል የቀለለ ሌላ ገጽም አታዘጋጁ። ሐሳቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚለየው መድረሻ መንገዱ ነው።

ደረጃ 3፦ ንባቡ

ገጹ ከመነበቡ በፊት አምስቱን ቃላት አስተዋውቁ። ትነት፣ እንፋሎት፣ ደመና፣ ጠብታ፣ ዝናብ። ጻፉት፣ በሉት፣ በምልክት አሳዩት፣ ሥዕሉ ላይ ጠቁሙት። ልጆች በመጀመሪያ እቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ ቢያስረዱ ችግር የለውም። ሐሳቡ ከገባቸው ቃሉ ይከተላል።

ፊደል ላይ የቀሩ ልጆችን በተመለከተ አንድ የማየው ነገር አለ። የፊደል ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ ይወጡታል። «ሂ»ን ለብቻዋ ስታሳዩአቸው ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ... እየቆጠሩ ነው የሚደርሱባት። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ 231 ይሆናሉ። እያንዳንዱን ከግዕዙ ተነስቶ እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መስበር ነው። ፊደላቱን በካርድ ጽፋችሁ፣ ካርዶቹን በውዛችሁ አሳዩ። ቅርጹንም አስተምሩ። «ቢ»ን ከ«ቤ» አጠገብ አስቀምጡ፦ የመጀመሪያዋ እግሯ ሥር ጭረት አላት፣ ሁለተኛዋ ቀለበት። ያንኑ በ«ሲ» እና «ሴ»፣ በ«ቲ» እና «ቴ» ላይ ይፈልጉት። ሳድስ ግን እንዲህ በደንብ አይገዛም። «ብ»ን፣ «ል»ን፣ «ር»ን አንድ በአንድ መልመድ ነው። ካርዱ ላይ ፊደሉን በክር ወይም በሙጫ ጉብ ብታደርጉት በጣታቸው እየዳሰሱ የሚማሩ ልጆች ይጠቀማሉ፤ ሌሎቹም ይወዱታል።

ሌላው የአማርኛ ጣጣ መጥበቅና መላላት ነው። ጽሕፈታችን አያሳየውም። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውሃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ዋነኛው ማለት ነው። «ይበላል» ላልቶ የሚበላው ሰው ነው፤ ጠብቆ ደግሞ የሚበላው ምግብ። ልጁ ተሳስቶ ካነበበ «ተሳስተሃል» ከማለት «ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰውና ተመልሰህ በለው» በሉት። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያርመዋል። ስለዚህ ነጠላ ቃላት ብቻ አታስነብቡ።

ገጹን አንዴ አንብቦ ማለፍ አይበቃም። አራት ጊዜ ይነበብ፤ በየጊዜው ግን ምክንያት ይኑረው። መጀመሪያ እናንተ አንብቡ፣ እነሱ በጣት ይከተሉ። ቀጥሎ ሁሉም አንድ ላይ። ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው እየተከተለ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። በመጨረሻ ብቻውን፣ ለአንድ ጥያቄ መልስ ፍለጋ። ከመቀመጫ አስነስቶ ያልተዘጋጀበትን ገጽ በክፍሉ ፊት ማስነበብን ግን ተዉት። የሚቸገረው ልጅ ከሱ የሚማረው መደበቅን ብቻ ነው።

ሲጽፉ «ሀ» እና «ሐ»ን፣ «ሰ» እና «ሠ»ን ቢያቀያይሩ በዚህ ደረጃ ነጥብ አትቁረጡ። መጀመሪያ ሐሳባቸው ወረቀት ላይ ይውጣ።

ደረጃ 4፦ ያንኑ ገጽ ማጥናት

«አጥና» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ አያውቅም። መጽሐፉን ገልጦ ደጋግሞ ያያል። ሲያየው የሚያውቀው ይመስለዋል። ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ይበልጣሉ። ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ግን አንብበው፣ ገጹን ዘግተው፣ የሚያስታውሱትን ለማውጣት የሞከሩት በለጡ።

ስለዚህ አሠራሩ ይህ ነው። ገጹን ያንብቡ። ይዝጉት። የሚያስታውሱትን ያውጡ። የሚጽፍ ይጻፍ፣ የሚስል ይሳል፣ የሚናገር ስልክ ላይ ይቅዳ፣ በምልክት የሚያስረዳ ለጓደኛው ያስረዳ። ከዚያ ገጹን ገልጠው በሌላ ቀለም የጎደለውን ይሙሉ። ያ ሌላ ቀለም ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ምኑን እንደማያውቅ በዓይኑ ያየዋል።

ቀጥሎ ካርድ ይሥሩ። በአንድ በኩል ጥያቄ፣ በሌላው መልስ። «ውሃ ወደ እንፋሎት እንዲለወጥ ምን ያስፈልገዋል?» ሦስት ክፍል ያለው ሳጥን ያዘጋጁ። የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ ይታያል። የመለሱት ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ የሳቱት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስለመደው ዘዴ ነው። ኤሌክትሪክም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ካርዱን በብሬል መሥራት ይቻላል፤ በድምፅ ቀድቶ ጥያቄና መልሱ መሃል ላይ ዝምታ መተውም ይቻላል።

የጥናት ጊዜ ነገር ያሳስበኛል። ትምህርት ቤት «እቤት አጥኑ» ሲል ጸጥ ያለ ክፍል፣ መብራትና ነፃ ሰዓት አላችሁ ማለቱ ነው። ታናናሾቿን የምትጠብቅ፣ ሥራ የምታግዝ ልጅ ይህ የላትም። ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ 15 ደቂቃ ቆርጣችሁ ካርዱን እዚያው እንዲያዩ አድርጉ። ለጥናት የሚጠቅም አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ከቻላችሁ ይህን አድርጉ።

ደረጃ 5፦ ቴክኖሎጂውን እዚያው ገጽ ላይ አምጡት

ኮምፒውተር ወይም ታብሌት ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፈተው አፕ አይደለም። ሴቲንግ ነው። ልጆቹ ፊደል ማተለቅን፣ የስክሪን ቀለምና ብርሃን መቀየርን፣ ከቪዲዮ ሥር ንግግሩን የሚያሳየውን ጽሑፍ ማብራትን ይማሩ። ሁሉም ይማሩት። ያኔ የሚያስፈልገው ልጅ ሳይጠይቅ ያስተካክላል።

ማየት ለተሳናቸው ስክሪን የሚያነብ ፕሮግራም አለ። በአንድሮይድ ስልክ ቶክባክ፣ በአይፎን ቮይስኦቨር አብረው ይመጣሉ። ለዊንዶውስ ኤንቪዲኤ በነፃ ይገኛል። ቶክባክን ክፍል ውስጥ ከመክፈታችሁ በፊት እቤታችሁ ተለማመዱት። ሲበራ የስክሪኑ አነካክ ይቀየራል፦ አንዴ ስትነኩ ስሙን ይነግራችኋል፣ ለመክፈት ደግሞ ሁለቴ መታ መታ ማድረግ አለባችሁ። ይህን የማያውቅ አስተማሪ «ስልኩ ተበላሸ» ብሎ ያጠፋዋል።

ኤንቪዲኤ ውስጥ ያለው ኢስፒክ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ድምፁ እንደ ሰው አይደለም፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ሊያሳክርም ይችላል። ይህን ለንባብ ትምህርት ተጠቀሙበት። ማሽኑ ገጹን ያንብብ፤ ልጆቹ የተሳሳተበትን ይያዙ። ሲያነብ ተሳስቶ የሚያውቅ ልጅ እዚህ አራሚ ይሆናል። ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ።

አንድ በጣም የሚበዛ ስህተት፦ የመጽሐፍ ገጽ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ይላካል። ስክሪን አንባቢው ብዙ ጊዜ ፎቶ ብቻ ነው የሚያየው፤ «ምስል» ብሎ ዝም ይላል። ፊደሉን ማተለቅም አይቻልም፤ ፎቶው ይደበዝዛል። ጽሑፉን ተይቡት። የጽሑፍ ፋይል ከፎቶ ይልቅ ትንሽ ዳታ ስለሚበላ ለሁሉም ይቀላል።

መተየብ ራሱ ፊደል ያስተምራል። በአብዛኛው የአማርኛ ኪቦርድ መጀመሪያ መሠረቱን ትነካላችሁ፣ ቀጥሎ ድምፁን ትመርጣላችሁ። «በ» ከ«ኡ» ጋር «ቡ» ሆነ። የፊደል ገበታው ለምን እንደዚያ እንደተደረደረ በጣቱ ይገባዋል። እጁ ለሚደክም ወይም ጽሕፈት ለሚያስቸግረው ልጅ በድምፅ መጻፍ አለ፤ ጎግል በ2017 እ.ኤ.አ. አማርኛን ጨምሮታል። ኢንተርኔት ሊፈልግ ይችላል፣ ስህተትም አያጣውም። ልጁ የተጻፈውን መልሶ አንብቦ ያርም። እሱም ንባብ ነው።

መሣሪያው አንድ፣ ልጆቹ አራት ከሆኑ ሥራ ከፋፍሉ። አንዱ ይተይባል፣ አንዱ ያነብባል፣ አንዱ ከገጹ ጋር ያመሳክራል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል። በየአምስት ደቂቃው ይዙሩ። ካልዞሩ ማውሱን የሚይዘው ሁልጊዜ ያው ቀልጣፋው ልጅ ነው። ማንም ልጅ በምንም ምክንያት «አንተ ተመልከት ብቻ» አይባል። ኢንተርኔት በሌለበት ደግሞ ኮሊብሪ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ትምህርቶችን አስቀድሞ ጭኖ ያለ ኔትወርክ እንዲሠሩ ያደርጋል።

ኢንተርኔት ካለ አንድ ጥያቄ ይፈልጉ፦ «በረዶ ከደመና የሚወርደው ለምንድን ነው?» ሁለት መልስ አግኝተው ያወዳድሩ። ማን ጻፈው? መቼ? ሁለቱ የት ላይ ይለያያሉ? በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመልሱ ፕሮግራሞችን ከተጠቀሙም ያው ደንብ ይሠራል፤ ተሳስተውም እርግጠኛ መስለው ይናገራሉና። «ጻፍልኝ» ከሚሉት «ስለዚህ ገጽ አምስት ጥያቄ ጠይቀኝ» ቢሉት ይሻላል። ሙሉ ስም፣ አድራሻና ፎቶ አይስጡ። እናንተም የተማሪን ፎቶ፣ በተለይ የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ፣ ያለ እሱና ያለ ወላጁ ፈቃድ የትም አትለጥፉ።

ደረጃ 6፦ እንደገና አዳምጡ

ፈተና ስታወጡ አስቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምለካው ምኑን ነው? ውሃ እንዴት ዝናብ እንደሚሆን ማወቁን ከሆነ ልጁ በቃል፣ በሥዕል ወይም በምልክት ቢመልስ ልክ ነው። መጻፉን ከሆነ ይጻፍ፤ ግን ቀስ ብሎ ለሚጽፍ ልጅ ሰዓት ጨምሩለት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ያንን የአንድ ደቂቃ ንባብ በአዲስ ጽሑፍ ድገሙት። ውጤቱን ከራሱ የበፊት ውጤት ጋር እንጂ ከጓደኛው ጋር አታወዳድሩ። ያ በመጀመሪያ ያነሳሁት ልጅ በዚያ ቀን አራት መስመር ብቻ ነው ያነበበው። ከድሮው በጣም ቀርፋፋ ነበር። ጣቱ ግን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ነበረች።

ለእያንዳንዱ ተማሪ ደብተር ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፤ ለቀጣዩ አስተማሪም አስረክቡ። ምን እንደጎደለው ብቻ ሳይሆን ምን እንደሠራለት ይጻፍ። የኔ እንዲህ ይላል፦ «ሰምቶ ይይዛል። አዲስ ገጽ መጀመሪያ በድምፅ ይስማ፣ ከዚያ ያንብብ። በግራ ጆሮው ስለሚሰማ ግራው ወደ አስተማሪ ዞሮ ይቀመጥ። በክፍሉ ፊት ድንገት አታስነብቡት፤ ከአንድ ቀን በፊት ከነገራችሁት ራሱ እጁን ያወጣል።»